ጋቢና

እኔንና እህቴን ወንዝ አልለየንም፤
አቃቂ ሲሞላ እኛን አልወሰደንም።
የለየን ወር ነው፤ ግንቦት።
እሷ ከዚያ በፊት፣ እኔ ከዚያ ኋላ፤
አንድ ማህፀን፣ አንድ አባት፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ።

አባታችን ኦሬስቴ ካሚዮን ይነዳል፤
ሲሚንቶ ከጣቢያው ወደ ላይ ይወስዳል፤
በግራሶ ብዛት፣ ከክንዱ እስከ ጥፍሩ
ከእናቴ ይጠቁራል፤ አይታይም ዘሩ።

እልፍነሽ ስትወለድ፣ በሠላሳ ጥቅምት፣
ባርኔጣውን አውልቆ ገባ መዝገብ ቤት፤
«ልጄ ናት» ቢላቸው ጸሐፊው ጻፈለት፤
«ኤልዳ» ብሎ መዝግቦ ማህተም መታለት።
ያን ጊዜ ሰው ለመሆን ቀለም ይበቃ ነበር።

እኔ በሐምሌ መጣሁ፣ በሠላሳ ሁለት፣
በዝናብ ድብደባ፣ በቆርቆሮ ጩኸት።
ጸሐፊው ያው ነበር፣ ጠረጴዛውም ያው፤
አዲሱ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ነው፦
ክልስ ሁሉ ከእናቱ ይቆጠር የሚለው።
«የአባት ስም» ፊት ለፊት ጭረት ተሰመረ፤
«ዘር» በሚለው ቦታ «ያገሬው» ሰፈረ።
ለእህቴ የበቃው ቀለም እኔ ዘንድ ሲመጣ
አነሰ፤
ወይም በዛ።

ባሻ ገድሌ አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ
«ሴትዮ፣ ይህ ልጅ አባት የለውም» አለ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ።
አባቴ አጠገቧ ባርኔጣውን ይዞ
ውኃ ያንጠባጥባል።
እናቴ የሻረግ፣ ምላሷ ስለት ነው፦
«ታዲያ ወለሉን የሚያረጥበው ማነው?»
ባሻ ይቺን አልተረጎማትም።

ቃሊቲ ኬላ ነበር። ሕጉ ጋቢናንም ያውቃል፦
ነጭ ከፊት ይቀመጣል፣ ጥቁር ከኋላ ይጫናል።
እልፍነሽ ከአባቷ ጎን፤
እናቴ ሲሚንቶው ላይ፣ እኔ ደረቷ ላይ።
ዝናብ የመጣ እንደሆን ሲሚንቶው ሸራ ይለብሳል፤
ይበላሻላ!
እኛ አንበላሽም።

«ያቺ ከላይ ማን ናት?» ቢላት ዘበኛው
«ሠራተኛ» ትላለች፤ አባቷ ነው ያስጠናው።
ሦስት ዓመቷ ነው። ቃሉ ጣፈጣት።
አንድ ማታ ከመደቡ ላይ፣ ውኃ ጠምቷት፣
«ሠራተኛ!» ብላ ተጣራች፣
እናቷን።
እናቴ ተነሥታ ቀዳችላት፤
ጠጥታ እስክትጨርስ ኩባያውን ያዘችላት።

ከዚያ ሶላቶ ተሸነፈ፣ አባቴ ተማረከ፤
ከኋላ፣ ከጭነቱ ስፍራ፣ ቆሞ ተላከ፤
ጋቢናው ውስጥ እንግሊዙ ሲጋራውን ያጨሳል።
ሕጉ ሞተ ተባለ፤
መዝገቡ ግን አልሞተም።
መነኮሳቱ ስም ዝርዝር ይዘው መጡ፤ «ኤልዳ» የሚል አለ፤
የእናቷ የለም። የኔም የለም።
ባቡሩ አቃቂ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ሄደ።

እኔ ቀረሁ።
በሕግ ጥቁር የተባልኩት፣ በሰፈር «ሶላቶ» ተባልኩ፤
ድንጋይ ሲወረወርብኝ በሁለት ቋንቋ ሸሸሁ።

አርባ ዓመት ካሚዮን ነዳሁ፤ አሸዋ፣ ጤፍ፣ ከብት።
አንድ ሕግ አለኝ፣ የትም ያላስመዘገብኩት፦
ሰማዩ ሲጠቁር መኪናዬን አቆማለሁ፤
ከጭነት ላይ ያለውን ሁሉ «ውረድ፣ ግባ» እላለሁ።

አንዴ ቃሊቲ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ፤
ስድስት ሰው፣ አንድ አራስ ከነልጇ፣ ሁለት ዶሮ ቆጠረብኝ።
«ጋቢና ሦስት ሰው ነው፤ ሕጉን አታውቅም?» አለ።
«አውቃለሁ» አልኩት።
ፊቴን አየ፤ መንጃ ፈቃዴን አየ፤
ከአባት ስም ላይ ዓይኑ ቆየ፦
የሻረግ ይላል።
ቅጣቱን ከፈልኩና
ማርሽ አስገባሁ።