ያልተመዘገበው እንግዳ

ሣሩን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኜ
አስመጣሁት እኔ፣ ባንክ ደጅ ለምኜ፤
ጥቅል እንደ ምንጣፍ፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣
«ይህ ነው ሎጅ ማለት!» አለኝ ነጋዴ።
ከበረንዳው አንስቶ እስከ ውሃው ድረስ
ደንገል አሳጨድኩኝ፣ ቀጋው እስኪጨረስ።

አላምረው አጨደ፤ አጨደና ዝም አለ፤
በዝምታው መሃል ግን አንድ ነገር አለ።
«ዋንዛዋ ላይ እንኳ ምሣር አላነሣም፣
አራስ የተኛችበት ቤት፣ እትዬ፣ አይፈርስም።»
ቀና ብል አንዲት ዋኔ፣ ጭራሮ ላይ ተኝታ፣
በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፣ እንደ ባለርስት ኮርታ።

ሁለት ሳምንት አማረ፤ ፎቶ ተነሣንበት።
በሦስተኛው ሌሊት ግን እንግዳ መጣበት።
ውሻው ሰምቶ ዝም አለ፤ አልሰማም ዘበኛ።
ከሰባት ቁጥር ደወሉ፦ «ማን ያኝካል ከኛ
መስኮት ሥር ቆሞ?»
«ነፋስ ነው» አልኩና ተኛሁ።
ሲነጋ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ሣሬ የለም። ምንጣፌ ተበልቷል፣ ተነቅሎ፤
በምትኩ ዱካ ቀርቷል፣ የልብስ ሳፋ አክሎ፤
መሃል ላይ ደግሞ ክምር፣ የክፍያው ደረሰኝ፣
ሽታው በረንዳ ድረስ መጥቶ ያስነጠሰኝ።

አላምረው መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።
አልሳቀም፤ የጢሙ ጥግ ግን፣ እምላለሁ፣ ሳቀ።
«ጉማሬ ነው» አለኝ፣ «መንገዱ ነው ጥንቱን፤
እኛ ነን ያጨድነው አጥሩንና መዝጊያውን።
ደንገሉ ሳለ ከዳር ግጦ ይመለስ ነበር፤
ምንጣፍ ተነጥፎ ሲያይ የጠራነው መሰለው፣ በክብር።»

ብድሩ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

ያን ክረምት ሣር አልገዛሁም፤ ዳሩን ለቀቅነው።
ደንገል በራሱ መጣ፤ ማንም አልተከለው።
ሳፋ ባከለው ዱካ ዝናብ ተጠራቀመ፤
እንቁራሪት ገባበት፣ ሌሊቱን አዜመ።
አርጃኖ ከካቡ ወጥቶ ፀሐይ ሊሞቅ ቢጋደም
አንድ የማርቆስ ዳኛ ወንበር ላይ ወጡ፤ እስከ ምሳ አልወረዱም።
(ማታ ግን ልጃቸው ጋ ደውለው ሲያወሩ ሰማሁ፣
አርጃኖው አዞ አህሎ ነበር።)
በሐይቁ በኩል ያለውን አምፖል አጠፋን።
«ሌሊትም ይተኛ እንጂ» አለ አላምረው።

ትናንት የእንግዶች መዝገብ ልፈርም ስገልጥ፣
በእርሳስ፣ በአላምረው እጅ፣ ከመስመሩ ሲያመልጥ፦
«ስም፦ አይናገሩም።
የመጡበት፦ ጣና።
ክፍል፦ ደጅ።
መታወቂያ፦ ጭቃው ላይ አለ።
የሚለቁበት ቀን፦»
እዚያ ላይ ምንም የለበትም።

እርሳሱን ፈለግሁ። አስቀመጥኩት።
ባዶውን ባዶ ተውኩት፤
ማኅተም ግን መታሁበት።