ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ሐምሌ በገባ ቁጥር ስልኬ ማልዶ ይጮሃል፤
«ሎድ ውረድ፣ ይስማው፤ አንድ ኮከብ መጥቷል፣
ውሉ ያለቀ ነው፣ ገበያ ላይ ውሏል።»
መኪናዬን አጥቤ፣ ወንበር ወደ ኋላ ገፍቼ፣
ለረጅም እግሩ ስፍራ አበጅቼ፣
እወርዳለሁ በጎህ፣ መጊዶን ትቼ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው አመጣሁ፤
ዘጠኙንም ሳይፈርሙ ሎድ መልሼ መጣሁ።
አዳራሹን ያያሉ፣ ጣራውን ያያሉ፣
ከታቦር ወዲህ ያለውን ሜዳ «ውብ ነው» ይላሉ፣
በሳምንቱ ሌላ ከተማ ይፈርማሉ።

ሰው ያወራል። አፉላ መቼም ወሬ አያጣ፤
የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጦ፣
«የቴል አቪቭን ባሕር ማን ትቶ ይመጣ?»
ይላል አንዱ ጎረምሳ፣ እኔን ገላምጦ።
«ገንዘቡ ነው» ይላል ሌላው። ባለሱቋ ዛሃቫ
«ጣራው ነው» ትላለች፤ «ያፈሳል፤ ማን ይታጠባል ቆሞ?»
ሊቀመንበራችን ጋዲ፦ «ወኪሎች ናቸው፤ ዘመኑ ነው» ይላል፤
ያለፈው ወር ደመወዝ ሲነሣበት ደግሞ
«ስፖንሰሩ መንገድ ላይ ነው!» —
ያቺ የሰማይ ላም፤
ወተቷን ያየ የለም።

እኔ ምን አገባኝ። ሾፌር ነኝ፤ ማታ ማታ
የሱፉን ቅርፊት ከወንበር ሥር እጠርጋለሁ።
ግን አውቃለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ በጥር ዝናብ ማታ፣
ትሬቨን የሚባል፣ ባለ ሰባት ቁጥር፣
ዘሎ ሲወርድ ያዘው ያ የጣራ ጠብታ፤
ከበሩ ሆኜ ሰማሁት፣ እንደ ጭራሮ ሲሰበር።
አዳራሹ ጸጥ አለ። የሱፉ ቅርጭጭታ ቆመ።

ሠልስቱ ሳይወጣ፣ አልጋ ላይ ሳለ ገና፣
እኔኑ ላኩኝ፦ «የቤቱን ቁልፍ ተቀብለህ ና።»
በአምስተኛው ቀን የመኪናውን ቁልፍ።
በሰባተኛው ሌላ ልጅ ሰባት ቁጥርን ለብሶ ገባ፤
ከጀርባው የትሬቨን ስም ተልጧል፣
የሙጫው ፋና ግን ይነበባል።

ሎድ ያደረስሁት እኔ። እስከ ዋዲ ዓራ
አንድ ቃል አልወጣውም።
ከዚያ ለጓደኛው ደወለ።
አልጮኸ፣ አልተራገመ፤
የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነግሮ ስልኩን ዘጋ።
በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉት አንዷ ምርኩዝ እኔ ዘንድ ቀረች።

እነዚህ ረጃጅሞች፣ ዓለምን የሚዞሩ፣
ድንኳንና ጥሩምባ የሌለው እድር አላቸው፤
አንዱ ቢወድቅ እዚህ፣ ሌላው ይሰማል ካገሩ፤
ስለ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ነው ጥያቄያቸው፦
የወደቀውን ማን አነሣው?

ዘንድሮ አሥረኛው መጣ፤ ኦማሪ ይሉታል፤
ሳቁ ደግ፣ ጫማው ታንኳ ያክላል።
ጋዲ አስቀድሞ መክሮኛል፦ «ቤተሰብ ነን በለው።»
«ቤተሰብ ነን» አልሁት፤ ቃሉ አፌ ላይ ከበደ።
እግሩን ሲዘረጋ ብረት ነካው፣
ጎትቶ አወጣው።
ምርኩዟን በጁ መዘነ። የቁመቷ ማስተካከያ
በመጨረሻው ቀዳዳ እንደተሰካ ነው፤
በዚህ ከተማ ያን ያህል ቁመት ያለው የለም።
አየኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጡሩንባ ነፉብን።
«የማን ናት?» አላለም።
«ስንት ቀን ታገሡት?» አለ።
ደመወዜን አሰብሁ፣ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አሰብሁ።
«ሦስት» አልሁት።

ጋዲ ውል ማለት ወረቀት ይመስለዋል።
ውል የልቃቂት ጫፍ ነው፤ አንዴ ከጠፋ፣
አሥር ጣት ቢፈልገው ይብስ ይተበተባል።

ማታ መጣ፣ ተናዶ፦ «እሱም እምቢ አለ፤
ወኪሎች ናቸው!» የመኪናዬን በር ከፈተ፤
«ይስማው፣ ይህን ብረት አውጥተህ ጣልልኝ።»
ቅርፊቱን ጠረግሁ።
ምንጣፉን አራገፍሁ።
ምርኩዟን ግን ከወንበሩ ሥር መለስኋት፣
ለሚመጣው ሐምሌ።