ታጣፊ ቃል

ሃያ ስድስት ዓመት በመስታወት ሳጥን፣
ከክሌርሞን መውጫ ቀረጥ ስሰበስብ፣ ሳንቲም ስቆጥር ቀን።
አንድ ማለዳ ግን ማሽን መጣና
"ኦዲል፣ ይበቃሻል" አሉኝ በትሕትና፤
የካሳ ገንዘብ ሰጡኝ፣ አንድ እቅፍ አበባ፣
አበባው ሲጠወልግ ገንዘቡ ልቤ ገባ።

በኔ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ድመት ያሳድጋሉ፣
ወይ ጽጌረዳ ይገርዛሉ።
እኔ ሰንጢ ወደድሁ።

ወደ ቲዬር ወጣሁ፣ ዳገቷን በእግሬ፣
ጉልበቴን እየረገምሁ፣ ቦርሳዬን ቋጥሬ፤
ከታች ዱሮል ወንዙ ድንጋይ ይሞርዳል፣
ከላይ በየመስኮቱ ብረት ፀሐይ ይወልዳል።

ሱቁ የጋስፓር ነው፤ ጋስፓር ቁመተ አጭር፣
ጢሙ ዘይት ዘይት የሚሸት፣ በሹክሹክታ የሚናገር።
"ቁርጡን ንገረኝ" አልሁት፣ "የቱ ነው የሚልቀው?"
"እጅሽን ጠይቂው" አለኝ፣ "ዓይንሽ ምኑን ያውቀው?"

መጀመሪያ ጀርመኑን፣ የዞሊንገኑን ሰጠኝ፣
የአጋዘን ቀንድ እጀታው እንደ ዳኛ ገመገመኝ፤
ሲከፈት ቀጥ ያለ፣ ሲዘጋም ቀጥ ያለ፣
ሰዓቱን ያከበረ፣ ቀልድ ግን የጎደለ።

የጃፓኑን ደግሞ፣ የሴኪን፣ ከነሐር ከረጢቱ፣
ሰባ ጊዜ የተነባበረ ብረት፣ ጅረት የሚፈስ በስለቱ፤
አንዲት ጸጉሬን አየር ላይ ሁለት ቦታ ከፈለው፤
ፈራሁት። ያን ያህል ስል፣ ምን ልቆርጥ ብዬ ልያዘው?

አሜሪካኑ መጣ፣ ቲታኒየም ለብሶ፣
በአንድ አውራ ጣት ግፊት "ቀጭ!" አለ ተስፈንጥሮ ደርሶ፤
እምነት ይጣልበታል፣ እንደ ጎረቤት የጭነት መኪና፣
ዋጋውን ሳየው ግን ወንበር ፈለግሁ እንደገና።

የጣሊያኑ፣ ከማኒያጎ፣ ቀጭን ነው፣ ሸንቃጣ፣
ወገቡን እየሰበቀ ከሳጥኑ ወጣ።
"ይሄኛው ማጠፊያው ላልቷል" አለ ጋስፓር በሹክሹክታ፣
"እንደ ቆንጆ ሰው ቃል፣ ሲነጋ አይገኝም የማታ።"

የኛው የቲዬሩ መጨረሻ፦ የጥድ እንጨት እጀታ፣
ሽታው ገና አልጠፋም፣ እንደ ዝናብ ማታ፤
አያቴ ትዝ አለኝ። ሞራጅ ነበር ወንዙ ዳር፣
ጣውላ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ከመንኮራኩሩ ጋር፤
ውሃው ከሥር ሲረጨው፣ ብርዱ አጥንቱን ሲበላ፣
ባቱ ላይ ውሻ ይተኛል፣ እንዲያሞቀው ከኋላ።

ለሰው ያሾለው ሺህ ነው፤ የራሱ አንድ ብቻ ነበረው፤
ሲሞት ወንድሜ ኤሎዋ ወሰደው።
"ለምን?" አልሁ። "ወንድ ነኛ!" አለ።
እኔም ያልሁትን አልሁ፤ ያ ቀን ሳይመሽ ሌላ ቀን መሰለ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ሥጋ ከሥጋ ተቆረጠ፤
ካራው ኪሱ ውስጥ ታጥፎ፣ ምላስ በስለት በለጠ።

ስመጣ ስለት ተስዬ ነበር፦ "አንድ ብቻ ልግዛ" ብዬ፤
ስለቱን ስለት ቆረጠው፣ ሁለት ያዝሁ፣ እጥፉን ከፍዬ።
ቃል ማጠፍ ነውር ነው ይላሉ።
ያልታጠፈ ሰንጢ ግን ኪስ ይበሳል፣
"ዳግም ፊቱን አላይም" ያልሁትም ቃል
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲበሳኝ ኖሯል።

እሑድ በሩን አንኳኳሁ።
ኤሎዋ ከፈተ፣ በነጠላ ጫማ፣
በግራ እጁ ድንች፣ በቀኙ ያ ካራ፣
ስለቱ አልቆ አልቆ እንደ ወስፌ ቀጥኗል።
ምንም አላልሁ። የጥዱን ሰንጢ ዘረጋሁለት።
እዚህ አገር ሰንጢ በነጻ አይሰጥም፣ ፍቅር ይቆርጣል ይባላል፣
ተቀባይ አንዲት ሳንቲም ይከፍላል።
ድንቹን ከነካራው መስኮቱ ላይ አኖረ፣
ኪሱን ዳበሰ፣ የካፖርቱን ኪስ በረበረ፣
አንዲት ሳንቲም አገኘ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

እጄ በልማዱ ተጨበጠ፣
አፌም በልማዱ
"መልካም መንገድ" አለ።

እሱ ግን በሩን አልዘጋም።