ስባሪው

"ጨረቃ ወጣች" አሉ፤ ለእኛ ግን አትታይ፣
ክሬን ቆሞባታል፣ ያላለቀ ሕንፃ ላይ።
ቢሆንም ነገ ኢድ ነው፤ የሮላ ተክቢራ ደምቋል፣
እንድሪስ ታክሲውን አቁሞ እጁን ታጥቧል፣
ረውዳ ሻሿን ጠምጥማለች፣ ሙአዝ ወንበር ላይ ቆሟል፤
ምድጃችንም፣ ያቺ ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ በሰባ ድርሃም የገዛናት፣
ቀይ ዓይኗን አፍጥጣለች፣
"ምን ልታጎርሱኝ ነው?" ብላ።

እሷ ስትበራ ኤሲው መጥፋት አለበት፣
ሁለቱን ባንዴ አይችልም፣ ይሄ የእኛ ቤት፤
ስለዚህ በላብ ነው የምንጋግረው፣ መስኮት ከፍተን፣
ከሻርጃ ባሕር ለሚመጣው ለብ ያለ ንፋስ ፊታችንን ሰጥተን።

መዓሙል ይሉታል ዓረቦቹ፤ ልጆቼ ኩኪስ።
ሰሚዱን፣ ያን አሸዋ የሚመስል ዱቄት፣
በቅቤ አሸሁት፤ ጠብ አደረግሁበት
የጽጌረዳ ውሃ።
መስፈሪያ አልያዝኩም፣ እጄ ያውቃል ብዬ።
"እማ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለች ረውዳ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሞልቷል።

አራት ነን እኮ እኛ።
አሥራ አንድ ዓመት ለአርባ እንግዳ ያቦካ እጅ
አራት የሚባል ቁጥር ሰምቶም አያውቅ፤
እኔ ከዚያ ቪላ ከወጣሁ ሁለት ኢድ አለፈኝ፣
እሱ ገና እዚያው ነው፣ ሊጥ ላይ እንደ ጎበጠ።

እንድሪስ ሳቀ። "ሠርግ ደገስሽ እንዴ?"
ደግሞ ቆየት ብሎ፣ "ይሁና፤ ሕንፃው ስንት በር አለው?"

ቴምሩን ፈልፍለን፣ ከቀረፋ ጋር ለወስነው፣
እንደ ብይ ማድበልበል የሙአዝ ሥራ ነው፤
አንዱን ያድበለብላል፣ ሁለቱን ይውጣል፣
ጉንጩ የቴምር ጢም አብቅሏል።

ቅርጽ ማውጫው የረውዳ ነው፤
ማንኪያ የሚመስል እንጨት፣ ሆዱ ውስጥ አበባ የተፈለፈለበት፣
ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ፤
እመቤቴ የጣሉት፣ እኔ ከቆሻሻ ቅርጫት ያነሳሁት።
ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት እሱን ብቻ ነው፣
እሱንና የወገብ ሕመም።

ገጭ! ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትመታዋለች፣
አንዲት አበባ ዱብ ትላለች፣
ስንጥቁም አብሯት ይወጣል፣ ቀጭን ጠባሳ።
"እማ፣ ሁሉም ቆስለዋል።"
"አልቆሰሉም፤ እንዲህ ሆነው ነው የተወለዱት።"
"ሁሉም መንታ ናቸው?" አለ ሙአዝ።

የመጀመሪያው ትሪ ወጣ፤ አሥራ ሁለት፣
ጠርዛቸው ወርቅማ፣ ሽታቸው ኮሪደሩን ሞልቶት፤
ሙአዝ አላስችል ብሎት ጣቱን ሲሰድ
አንዷ ከሁለት ተሰበረች፤
እኔ ሳላስብ እጄ ፈጥኖ ስባሪዋን አነሳ።

እዚያ ቤት ሕግ ነበር፣ ማንም ያልጻፈው፤
ሙሉው ለእንግዳ ነው፣ የእኔ ስባሪው።
አልከፋኝም፤ ስባሪም ይጣፍጣል፣
እንዲያውም አንዳንዴ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣
ሲያምረኝ ጊዜ እጄን አሰንፈው ነበር፣ አውቄ፣
አንዱ እስኪወድቅ።

ይሄን ለእንድሪስ ነግሬው አላውቅም።
እሱ ግን ስባሪዋን ከእጄ ወሰደ፣
አፉ ውስጥ ጣላት፣ ተቃጠለ፣ "ኡፍ!" አለ፣
ከትሪው መርጦ ሙሉዋን መዳፌ ላይ አኖረ።
"ምን ላድርጋት?"
"ብያት።"

የት ጋ እንደምትገመጥ ጠፋኝ፤
ከአበባዋ ነው? ከስንጥቋ?
ያን ሁሉ ዓመት ሠርቻት፣ ሙሉ ሆና ስትበላ አላየኋትም፤
ሳህኑን አድርሶ መመለስ ነበር ሥራዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ።
ልጆቼ አፍ አፌን ያያሉ።
ገመጥኩ።
ቅቤ ትንሽ በዝቷታል።

በር ተንኳኳ፤ ከሥራችን ያለችው የኬረላ ነርስ ናት፣
ከማታ ፈረቃ ስትመለስ ሽታው ከሊፍት ጠርቷት።
እንድሪስ ወንበር ይስባል፤ ሁለተኛው ትሪ ይገባል፤
ሳፋው ገና ጎኑም አልጎደለም።
ረውዳ የወረቀት ሳህን ትደረድራለች፣ በር እየቆጠረች፤
"ለዘበኛውስ፣ ለጉል ካን፣ የተሰባበሩትን ላድርግለት?"
"አይሆንም!" አልኳት፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ፣
"ሙሉ ሙሉውን።"