ደርሶ መልስ

ስሟ አጸደ ነው፤ አጸድ ግን የላትም፤
ከዚራ ያለው ጓሮዋ፣ ከአሸዋ በቀር ምንም አያበቅልም።
አንድ የኒም ዛፍ አለ፣ እሱም የጎረቤት፤
ጥላው ብቻ ነው አጥር ዘሎ የሚገባ ቤት።

ባሏ ጋሽ ይመኑ፣ የምድር ባቡሩ ትኬት ቆራጭ፣
ባቡሩ የቆመ ለት ሁለት ጆንያ ተሸክሞ መጣ፤
አንዱ ያልተሸጠ ትኬት፣ አንዱ የጭነት ደረሰኝ።
«ጡረታዬ ይሄው» አላት። እሷ ሳቀች፤ እኔን አሳዘነኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ እሱ ካረፈ በኋላ፣
ጆንያውን ፈታችው፤ መቀስ ይዛ ተቀመጠች፣ ከዚያች ከሰው ጥላ።
የእኔ ሥራ ሽቦ መቁረጥ፣ የዱቄት ሙጫ ማማሰል፤
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጣቶቼ ተጣብቀው የዳክዬ እግር ሲመስል።

ሮዙ ጽጌረዳ ይወጣዋል፤ ቢጫው ሱፍ ይሆናል፤
አረንጓዴው፣ የሦስተኛ ማዕረጉ፣ ለቅጠል ይበቃል።
ገለጥ አርገህ ብታየው አንዱ ላይ «ኤረር» አለ፣
አንዱ ላይ «ሁርሶ»፤ ሚኤሶም አለ፣ በመቀስ የጎደለ።
ስንት ሙሽራ አዋሽን ደረቷ ላይ ሰክታ
መጋላን ዞረች፣ ሳታውቀው፣ በእልልታ!

ሃያ ብር አንድ እቅፍ።
ጫት የጎረሰ ሰውዬ ቆሞ ይከራከራል፦
«ወረቀት አይደል እንዴ?»
«ያንተስ ቅጠል አይደል? ሲመሽ ገራባው ይቀራል።»

ከዚያ፣ አንድ የነሐሴ ጠዋት፣
ወተት ሻጯ ሂቦ ጀሪካኗን በራፉ ላይ አስቀመጠች።
ልጇ ሮብሌ ይባል ነበር፤ በቋንቋቸው ባለ ዝናብ ማለት ነው።
ደቻቱ ግን የመጣው በሰው ዝናብ ነበር፤
ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣
የደጋውን ወሬ ይዞ፣ በሌሊት፣ በር ሳያንኳኳ።

«ውሃ የማይፈታው አበባ ሥሪልኝ» አለች።
«መቃብር የለውም። ወንዙ ዳር ነው የምተክለው።»

አጸደ መልስ አልሰጠችም።
ጆንያውን ገለበጠችው፤ ወለሉ በትኬት ተሞላ።
መሄጃ። መሄጃ። መሄጃ።
ወደ ሽንሌ፣ ወደ አይሻ፣ ወደ ደወሌ፣ መሄጃ።
ቀለም የምትመርጥ መስሎኝ
ሮዝ ሮዙን አቀብላት ነበር፤ መልሳ ትጥለዋለች።
ፀሐይ ከኒሙ ጫፍ ወርዳ፣ ሂቦ ወተቷ ሊበላሽባት ሲል፣
ከታች፣ ከአቧራው ጋር የተጣበቁ፣ አምስት አገኘች።
«ደርሶ መልስ» ይላሉ።

በአምስቱ አንዲት አበባ ሠራች፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጥፋ።
ከቁልቢ የተረፈ ጧፍ በጣሳ አቅልጣ ነከረቻት።
ሰሙን እኔም አየሁት፤
ወርቁን የምታውቀው ሂቦ ናት።

ሂቦ ብሩን ዘረጋች።
አጸደ መዳፏን ከነብሩ አጠፈችው፣
ጣት በጣት፣ ቀስ አርጋ፣ እንደ ወረቀት።

ትኬቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ለአሥር ቀን ብቻ ያገለግላል» የሚል ነበረበት።
ሂቦ ማንበብ አትችልም። አጸደ መነጽሯ ተሰብሯል።
እኔ አንብቤዋለሁ።
ሙጫ ቀባሁበት።