የኅዳር ኮንሰርት፣ ደብረ ብርሃን

የድሮው የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ነን፣
ስሙ ሙቀት ሆኖ በብርድ የገደለን።
ይፍቱሥራ ቼሎዋን በጉልበቷ ይዛ
ጣቷን እፍ ትላለች፣ ክንዷ ድረስ ደንዝዛ፤
የ«ሀንጋሪ» ሀ ሃሌታ ይሁን ሐመር ሳይለይ
ስርዝ ድልዝ በዝቷል ፕሮግራሙ ላይ።

ጀምሩ አልኳቸው።

ፈጣኑ ጭፈራ እየተንገዳገደ ደረሰ፤
አንድ ገጽ ተዘለለ፣ አንድ ክር ተበጠሰ፤
ወላጆች አጨበጨቡ፣ ያለ ቦታው።
ከዚያ ዝግ ያለው መጣ፣ ቼሎ የሚመራው።

ዘበኛው ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ትቶ
ቆቡን አውልቆ ቆመ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ይቺን ሙሾ አውቃታለሁ» አለኝ በሹክሹክታ፣
«መሐል ሜዳ፣ የወንድሜ ለቅሶ ለታ።»

የባሕር ማዶ ነው ልለው አፌን ከፈትኩና
ዘጋሁት፤ ይፍቱሥራ አልጨረሰችምና።