የሙዝ ሽታ

ሐዋሳ፣ ታቦር ግርጌ፣ ከሐይቁ መለስ ብሎ፣
ቤተ ሙከራ ነበረን፤ መስኮቱ በካርቶን ተከልሎ።
መምህር ሐመሶ፣ ካፖርታቸው ብጫቂ
(ነጭ ነበር አሉ፣ አሲድ ሳይበላው በፊት)
ሁለት ብልቃጥ አነሱ።

«ይኼ የኮምጣጤ አባት ነው፤ ውኃ ያልነካው አሲድ፣
በጥቅምት ሌሊት የሚረጋ፣ ሽታው እንባ የሚያስወርድ።
ይኼ ደግሞ አልኮል ነው፤ አምስት ካርቦን ያዘለ፣
ከአረቄ ዝቃጭ የሚገኝ፤ ያሸተተው ሁሉ ያሳለ።
ለየብቻ የማይቀርቡ ናቸው፤
እስኪ እናጋባቸው።»

አሥራ አምስት ከአልኮሉ፣ ሃያ ከአሲዱ፤
ሰልፈሪክ አራት ሚሊ፣ በጠርዙ፣ ሳይቸኩሉ።
እሱ ሽማግሌ ነው፤ ያስማማል እንጂ አይገባም ከውሉ።
ሁለቱ ሲዋዋሉ አንድ ውኃ ይጥላሉ፤
«ይቺ ናት ጥሎሹ» አሉ።
«ውኃ የበዛ ለት ግን፣ ፍቺ ነው።»

አንድ ሰዓት ፈላ። እንፋሎቱ ወጣ፣ ቀዝቅዞ ተመለሰ፤
መብራት ሄደ፣ ቡታጋዝ ደረሰ።
በሶዳ ስናጥበው ተንጫጫ፣ ውታፉን አስፈነጠረ፣
በአየለች ቀሚስ ላይ የማይለቅ ምልክት አኖረ።
ዘይት መስሎ ከውኃው በላይ ተንሳፈፈ።
ቴርሞሜትሩ መቶ አርባ ሁለት ሲል
ጠብ፣ ጠብ፣

ክፍሉ ሙዝ ሆነ።
አንድ ሙዝ ሳይላጥ፣ አንድ ሳይገዛ፣
የአርባ ምንጭ መኪና እንደተራገፈበት ግድግዳው ሳይቀር ወዛ።
ቁርስ ያልበላ ነበር መካከላችን፤ ምራቁን ዋጠ።
ስሙን አላወጣም። እኔ ነኝ።

ያኔ ነው፣ በካርቶኑ ቀዳዳ፣
አንዲት ንብ የገባች። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ ማን ይቆጥራል!
እኛ ከጠረጴዛ ሥር፣ መምህሩ ከሰሌዳው ጀርባ፤
ሚዛኑ ወደቀ፤ አንዱ «እናቴን!» አለ፣
አንዱ በሩን ሲፈልግ ቁም ሣጥን ገባ።

አቶ ሩፎ፣ የንቦቹ ጌታ፣ አጥር ዘለው መጡ፤
እርጥብ ቅጠል እያጨሱ
«ማነው» አሉ «ንቤን ክተት ብሎ የጠራው?»
አሸተቱ። ሳቁ።
«ሙዝ የበላ ሰው ወደ ቀፎ አይጠጋም።
አባቴም አይጠጋም ነበር።
ንብ ስትነድፍህ ቁስልህን አሽትተው፤ ይኸው ነው ሽታው፤
‹እዚህ ጋ ነው፣ ኑ› ማለት ነው ትርጉሙ።»

መምህር ሐመሶ ያበጠ ዓይናቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣
በሌላው ጻፉት፣ ቃል በቃል፤
በመጽሐፋችን አልነበረም።

ዛሬም ልጄ ቢጫ ከረሜላ ሲልስ
«ሙዝ ሙዝ ይላል» ይለኛል፤
እኔ መስኮቱን አያለሁ።

የዚያን ቀን ሪፖርቴ፣ ለፊደል ግድፈት አንድ ነጥብ የተቀነሰበት፣
እንዲህ ይላል፦
የተገኘው ምርት፣ ስልሳ አንድ በመቶ።
የቀረው፣ በመስኮት ወጥቶ፣
ከአቶ ሩፎ ቀፎ ደርሶ
ተነቧል፤ ተፈጽሟል።